የማይደገም ወጪ

ደባርቅ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ታንጉት ያልጻፈችው ነገር የለም። የክስ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ ሁሉም በእሷ ጣት ያልፋል። በተለይ ፈተናው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ጥያቄ ከቤቷ አልወጣችም። ታናሽ እህቷ ዓለምዬ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች እንኳ፣ ታንጉት የሒሳቡን ፈተና ስትጽፍ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት እንድትልጥ ተደርጋለች። ያን ዕለት ሽንኩርቱ አስለቀሳት፤ በማግሥቱ ደግሞ ሒሳቡ አስለቀሳት።

ታንጉት ሥራውን የጀመረችው በ1985 ዓ.ም. ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዳባት ወዲያ ካለው የወላጆቿ ቀዬ ወጥታ፣ ከአንድ ጡረተኛ ጸሐፊ የጽሕፈት መኪና ተከራይታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግታ ተቀመጠች። ጃንጥላው ቆርቆሮ ቤት ሆነ፤ የጽሕፈት መኪናው ኮምፒውተር ሆነ፤ ኋላም የኮፒ ማሽን ተጨመረ። መሐል ላይ ባል አግብታ ነበር፤ ሰውየው ለንግድ መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ። እሷም ብዙ አልጠበቀችው፤ የሚጻፍ ነበረባት።

ባላገር ማመልከቻ ሊያስጽፍ ሲመጣ ነገሩን ከአያቱ ዘመን ነው የሚጀምረው። ታንጉት አታቋርጠውም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪጨርስ ትሰማዋለች፤ ከዚያ «አባቴ፣ አሁን ዳኛው ምን እንዲያደርጉልዎ ነው የፈለጉት?» ትለዋለች። ሰውየው ያስባል። ብዙውን ጊዜ መልሱ አንድ መስመር ነው፤ ያንን አንድ መስመር ከላይ ታስቀምጠዋለች፤ አያትየው ከታች ይከተላሉ። ዳኞቹ የታንጉትን ማመልከቻ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ይባላል፤ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ደንበኛ ግን ከመካነ ብርሃን ድረስ በእግሩ ይመጣላት ነበር።

ዓለምዬ አሥራ አራት ዓመት ታንሳታለች። ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ አባታቸው በበቅሎ አምጥቶ እህቷ ዘንድ አስቀመጣት፤ ከዚያ ወዲያ የማን ልጅ እንደሆነች ከተማው ረሳው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ በአካውንቲንግ ተመረቀች፤ ደባርቅ ባንክ ውስጥ ሥራ ያዘች። ከታንጉት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ በሁለት አልጋ ይኖራሉ።

በ2007 ጥር ላይ ዓለምዬ ከባንክ ስትወጣ ቤት አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች። አዲስ አበባ ያለችው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ሊያ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ልካላት፣ እሷም ለማንም ሳትናገር አመልክታ ነበር። ከወር በኋላ ለፈተና ተጠርታለች።

«ፈተናው ሦስት ሰዓት ይፈጃል እትዬ። ባዶ ኤክሴል ይሰጡሻል። የአንድ ድርጅት የሦስት ዓመት ሒሳብ ይሰጡሻል። ትርፍና ኪሳራውን፣ ሀብትና ዕዳውን፣ የጥሬ ገንዘቡን ፍሰት አያይዘሽ የሚመጣውን አምስት ዓመት ትተነብያለሽ። ፋይናንሻል ሞዴሊንግ ነው የሚሉት። በመጨረሻ ድርጅቱ ስንት ያወጣል፣ ይገዛል ወይስ አይገዛም፣ ትናገሪያለሽ።»

«ሰዎቹ ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ፕራይቬት ኢኩቲ ይባላል። ከባለገንዘብ ገንዘብ ሰብስበው ድርጅት ይገዛሉ፤ አምስት ስድስት ዓመት አሳድገው ይሸጡታል።»

«የከሳ በሬ ገዝቶ አድልቦ ለፋሲካ መሸጥ ነዋ!»

ዓለምዬ አሰበችና ሳቀች። «እሱው ነው። ፈተናው ደግሞ በሬውን ከመግዛት በፊት ጥርሱን ማየት ነው።»

ችግሩ የሚለማመዱበት ነገር አለመኖሩ ነበር። ሊያ የላከቻቸውን ሁለት የቆዩ ፈተናዎች ዓለምዬ በሳምንት ውስጥ ሸምድዳቸው አረፈች። ደባርቅ ውስጥ ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ኢንተርኔቱም አንድ ገጽ እስኪከፍት ሰው አርጅቶ ይሞታል። ታንጉት ይህን ሁሉ ሰማችና መነጽሯን አወለቀች።

«ፈተና መጻፍ እኔ አይደለሁም እንዴ የማውቀው?» አለች። «እጽፍልሻለሁ።»

እውነትም የሊያን ሁለት ፈተናዎች አብነት አድርጋ ጻፈች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሱቁን ከውስጥ ቆልፈው ይቀመጣሉ። ዓለምዬ በላፕቶፗ፣ ታንጉት በሩ አጠገብ ዱካ ወንበር ላይ፣ የስልኳን ማንቂያ ለሦስት ሰዓት ሞልታ። መብራት ቢሄድ ሰዓቱ አይቆምም። ማውራት ክልክል ነው። መጸዳጃ ቤት አንድ ጊዜ። ታንጉት ይህን ደንብ ስትደነግግ ፊቷ ላይ ምንም ሳቅ አልነበረም፤ ዓለምዬ ግን የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ሳቋን ስታፍን አሳለፈች።

የመጀመሪያው ፈተና ለሰሜን ተራራ ጎብኚዎች በቅሎ የሚያከራይ ማኅበር ነበር። ስልሳ በቅሎ፤ በዓመት ሦስቱ ይሞታሉ። ዓለምዬ ገቢውን ለአሥራ ሁለት ወር እኩል አካፍላ፣ ሁሉንም አያይዛ፣ የሀብትና የዕዳው ሚዛን ገጥሞላት በኩራት አሳየቻት። ታንጉት ማያ ገጹን ቁልቁል አየችው።

«በሐምሌ ለስንት ፈረንጅ አከራየሽ?»

«ለሁለት መቶ አሥር።»

«ሁለት መቶ አሥር ፈረንጅ በሐምሌ ዝናብ ጊች ተራራ ወጣ?» አለችና ዱካው ላይ እንዳለች በሳቅ ተንከተከተች። ዓለምዬም ግንባሯን መታች። ክረምቱን ረስታው ነበር፤ የደባርቅ ልጅ ሆና።

ሁለተኛው ከደባርቅ ዛሪማ የሚመላለስ አውቶቡስ ነበር። እዚያ ደግሞ የጎማውን ወጪ አሳነሰችው፤ የሊማሊሞ ቁልቁለት ጎማና ፍሬን እንዴት እንደሚበላ ታንጉት ከሹፌሮቹ ጠይቃ ነበር የጻፈችው። ሦስተኛው ዳቦ ቤት ነበር፤ እሱን ዓለምዬ ሩብ ሰዓት ሲቀራት ጨረሰች፤ ታንጉትም ስሕተት አላገኘችበትም። ማታ ራት ሲበሉ ትልቁን ቁራሽ ለእህቷ ገፋችላት፤ ያ ነበር የፈተናው ውጤት።

በዚሁ መሐል ነው ጋሼ ገዱ የመጡት። ጎን ያለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለቤት ናቸው፤ ጨዋ፣ ቀልደኛ፣ ብር የሚሸታቸው ሰው። «ታንጉት፣ ደክሞሻል» አሏት። «ሱቋን ከነማሽኖቿ በሰባ ሺህ ብር ልግዛሽ። አንቺ ከወንበርሽ አትነሽም፤ እኔ በወር ሺህ ሁለት መቶ ብር ደሞዝ እከፍልሻለሁ። ኪራይ፣ ቀለም፣ ግብር፣ የማሽን ብልሽት የእኔ ራስ ምታት ይሁን። እስከ ዓርብ አስቢበት።»

ታንጉት አሰበችበት። ሰባ ሺህ ብር በአንድ ላይ አይታ አታውቅም። ዓለምዬ ፈተናውን ብታልፍ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ አለ፣ አልጋ አለ፣ ልብስ አለ፤ ባዶ እጇን እንዴት ትሄዳለች? እሷስ ብትሆን፣ እህቷ ስትሄድ ሱቁን ለማን ብላ ትደክማለች? ልሽጠው ብላ በልቧ ወስናለች ማለት ይቻላል። ዋጋው ግን ይሁን አይሁን አታውቅም። ለዓለምዬ ብትነግራት ደግሞ «ለእኔ ብለሽ ነው» ብላ ጉዞዋን እንደምትሰርዝ እንደ ስሟ ታውቃለች።

እና ተንኮል አሰበች። የመጨረሻውን ፈተና ስትጽፍ የራሷን ሱቅ አስገባችው።

የሦስት ዓመት ደብተሯን አውጥታ ከ2004 እስከ 2006 ወር በወር ገለበጠችው። ድርጅት ሀ አለችው፤ በአንድ የወረዳ ከተማ የሚገኝ አገልግሎት ሰጪ። ወረቀትና ቀለሙን ጥሬ ዕቃ፣ ኮፒና ጽሕፈቱን አገልግሎት አንድና ሁለት ብላ ሸፈነችው። ከታች «አንድ ገዢ ሰባ ሺህ ብር አቅርቧል። ዋጋው ተገቢ ነውን?» ብላ ጨረሰች። ከማመልከቻ ሁሉ የከበዳት ያቺ አንድ መስመር ነበረች።

እሑድ ዓለምዬ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። «ልብስ ስፌት ነው አይደል?» አለች።

«ማውራት ክልክል ነው።»

ሁለት ሰዓት ተኩል የጣት ድምፅ ብቻ ተሰማ። ታንጉት ዱካው ላይ ሆና የእህቷን ትከሻ ታያለች። ዕድሜዋን አስረክባ ዋጋ እስኪነገራት የምትጠብቅ ሰው ሆነች። ፈራች። «ይኼ ድርጅት ምንም አያወጣም» ብትባልስ?

ሃያ ደቂቃ ሲቀር ዓለምዬ ቀና አለች።

«ጥያቄ ይፈቀዳል?»

«አንድ።»

«ይህቺ ልዩ ልዩ ወጪ የምትል መስመር ምንድን ናት? ጠባይዋ አልገባኝም። ወር በወር ስድስት መቶ ብር ትሄዳለች፤ መስከረምና የካቲት ሁለት ሺህ ትሆናለች፤ ኅዳር 2004 ላይ ብድግ ብላ ስምንት ሺህ አምስት መቶ። ሰኔ 2005 አራት ሺህ። ከሐምሌ ጀምሮ ግን ባዶ ናት፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ብር አልወጣባትም።»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«የማይደገም ወጪ ነው የምለው። እንዲህ ያለው ከሒሳቡ ይወጣል። ያለፈ ነገር ነው፤ የሚገዛውን ሰው አይመለከተውም። ካላወጣነው ድርጅቱ ከሆነው በታች ይታያል።»

መልሱ ትክክል ነበር። ታንጉት ኮራች፤ ደግሞም ከፋት፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጡባት።

«ደንቡ ከሆነ አውጪው» አለች።

ዓለምዬ ጣቷን ሰነዘረችና ቆመች። «ኅዳር 2004» አለች ለራሷ። እጇ ከቁልፎቹ ላይ ተነስቶ የላፕቶፑን ጠርዝ ዳሰሰ። ኅዳር 2004 ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ታንጉት ከደባርቅ ጎንደር በአውቶቡስ ወርዳ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያስረከበቻት ይህንኑ ላፕቶፕ ነው። ሰኔ 2005 የተመረቀችበት ወር ነው። ሐምሌ ላይ ባንክ ገባች።

«እትዬ» አለች ዞር ብላ። «ይኼ እኔ ነኝ።»

«ሰዓትሽ እየሄደ ነው።»

«ላፕቶፑ እቁብ ደርሶኝ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አሥራ ስድስት ደቂቃ ቀርቶሻል። አውጪው።»

«አላወጣም።»

«ዓለምዬ! አዲስ አበባ እንዲህ ያለ መስመር ቢመጣብሽ አላወጣም ልትያቸው ነው? ተማርሽ፣ ተመረቅሽ፣ አለቀ። ያለቀ ነገር ነው። እኔ ደስ እያለኝ ያወጣሁት ነው፤ አንቺም ደስ ይበልሽና አውጪው።»

ዓለምዬ እያለቀሰች አወጣችው። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ትርፉ ከፍ ሲል አየች። የመጨረሻው ዓመት ትርፍ ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ነበር፤ የፊተኞቹም አሁን ወደዚያው ተጠጉ። ከዚያ አንድ አዲስ መስመር ከፈተች፤ ቁጣ በሚመስል ድምፅም ጠየቀች።

«የባለቤቷ ደሞዝስ የት አለ?»

«የምን ደሞዝ?»

«የአንቺ ነዋ! ኪራይ አለ፣ መብራት አለ፣ የጽዳት ሴትየዋ እንኳ አለች። አንቺ የለሽም።»

«ባለቤት ለራሱ ደሞዝ ይከፍላል እንዴ? ከተረፈው እበላለሁ።»

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ታንጉት አላሳነሰችም፤ ከነጭራሹም ቆርሳ አታውቅም። እሷ ብቻ ሳትሆን መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪውም አውቶቡስ ነጂውም የራሱን ጉልበት እንደ አየር በነጻ ይቆጥረዋል። ባለፉት ሦስት ፈተናዎችም የባለቤት ደሞዝ አልነበረም፤ ዓለምዬም የደባርቅ ልጅ ናትና አንዱንም አልጠየቀች። አሁን ጠየቀች። በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ጻፈች፤ ጸሐፊም ሥራ አስኪያጅም ለሆነ ሰው አይበዛም። በዓመት ሠላሳ ሺህ። የተረፈው ስድስት ሺህ ብር ብቻ ሆነ።

ታንጉት ቁጥሩን አየችው። «እንግዲያ ሰባ ሺህ ብዙ ነው» አለች። «ጋሼ ገዱ ሊከስሩ ነው።»

«ጋሼ ገዱ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻት። ሰባ ሺውን፣ ሺህ ሁለት መቶውን፣ ዓርብን። ዓለምዬ ዓይኗ እንደቀላ የደሞዙን መስመር ወደ ሺህ ሁለት መቶ ለወጠችው። ትርፉ ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሆነ።

«አየሽ? አንቺን በርካሽ እስከያዙ ድረስ በሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ገንዘባቸው ይመለሳል። አንቺ ከወንበሩ ብትነሺ ግን ማሽንና ቆርቆሮ ነው። ጋሼ ገዱ ሱቁን አይደለም የሚገዙት እትዬ። አንቺን ነው።»

ስልኩ ጮኸ። ሦስት ሰዓቱ አለቀ። ሁለቱም አላጠፉትም።

«አልሄድም» አለች ዓለምዬ። «ደሞዝሽን እስክመልስልሽ የትም አልሄድም።»

«ያን ሁሉ ያወጣሁት እዚህ እንድትቀሪልኝ መሰለሽ?» ታንጉት ተነስታ የእህቷን ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ትፈራ የነበረው ዋጋ የለሽም መባልን ነበር፤ የሆነው ሌላ ነው። ሃያ ዓመት ከሒሳቡ ውጪ የቆየች ሴት፣ አሁን በቁጥር ተጽፋ ማያ ገጹ ላይ አለች። እንዲህ ደስ ይላል ብላ አልጠረጠረችም። «ማክሰኞ ትሄጃለሽ። ፈተናውን እኔ ነኝ ያረምኩት፤ አልፈሻል።»

ዓለምዬ ማክሰኞ ሄደች። ዓርብ ጋሼ ገዱ መጡ።

«እህ ታንጉት፣ አሰብሽበት?»

«ሒሳቡን አሠራሁት ጋሼ ገዱ። ደሞዜ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። እሱን የሚከፍሉኝ ከሆነ ሱቁን በሠላሳ ሺህ ይውሰዱት።»

ጋሼ ገዱ ዋጋው ከግማሽ በታች ሲወርድ ዓይናቸው በራ፤ ከዚያ በጣታቸው አሰሉ፤ ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ።

«ታዲያ ለእኔ ምን ሊተርፈኝ ነው?»

«እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁት እሱን ነበር።»

ሰውየው አፍጥጠው አዩዋትና ሳቃቸው መጣ። ክፋት የለባቸውም፤ የነገደ ሁሉ ይሞክራል። ሻይ አስመጥተው አብረው ጠጡ፤ የሱቁ ነገር በዚሁ ተዘጋ።

ዓለምዬ የተፈተነችው በዚያው ሳምንት ነበር። የሦስት ወንድማማቾች የዱቄት ፋብሪካ ሰጧት። ሚዛኑ ገጥሞላታል፤ የመጨረሻውን ገጽ ግን ሳትጨርሰው ሰዓቱ አለቀ፤ አገር ምድሩ ጠፍቶባት ለታንጉት እያለቀሰች ደወለች። በሦስተኛው ሳምንት ጠሯት። ስድስት ወር በሙከራ ትሠራለሽ፣ ፈጣን አይደለሽም፣ ግን ወንድማማቾቹ ደሞዝ እንደማይወስዱ ከስድስት ተፈታኝ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ አሏት።

በመጋቢት ሠላሳ ታንጉት ሱቋን ከመዝጋቷ በፊት የወጪ ሰነድ አወጣች። ከፋይ በሚለው ላይ ስሟን ጻፈችና ፈረመች። ተቀባይ በሚለው ላይም ስሟን ጻፈችና ፈረመች። ሁለት ሺህ አምስት መቶውን ቆጠረች፤ ደግማም ቆጠረች፤ ሰው እንዳያያት በሩን ገርበብ አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ለማን እንዳለች ራሷም አታውቅም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ዓለምዬ ደወለች። የመጀመሪያ ደሞዟ ወጥቷል፤ ድምፅዋ ከስልኩ ሊወጣ ይደርሳል።

«ግማሹን ልልክልሽ ነው እትዬ። ባንኩ እስኪዘጋ ሰዓት አለኝ፤ የሒሳብ ቁጥርሽን ንገሪኝ።»

«አልጋ ግዢበት።»

«አልጋው ይቆያል። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ያወጣሽብኝን...»

«ዓለምዬ» አለች ታንጉት፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን ባለጉዳይ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ በሚል እጅ እያስጠበቀች፣ «አትላኪልኝ። እኔም እኮ ደሞዝተኛ ነኝ።»